የፓርጀተሮች ግድግዳ

ወርቅ ሲሰረቅ ሰምተናል። ብስክሌት ሲሰረቅ፣ ዶሮ ሲሰረቅ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም የቄሱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከነብርጭቆው ሲሰረቅ ሰምተናል። የግድግዳ ልስን ሲሰረቅ ግን በሀክስተን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ኢንስፔክተር ሄስተር ጋሮድ ስልኩን እንዳነሳች «ምን ተሰረቀ አልክ?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀች።

«ልስን፣ አለቃ» አለ ሳጅን ፊስክ። «ወይዘሮ ኔል ፓርጀተር ቤት ላይ ያለው ሰውዬ። ባልዲና የለሳኝ ማንካ የያዘው። የለም፣ ሄዷል።»

«በእግሩ?»

«በእግሩ ቢሆንማ ዱካውን እንከተል ነበር።»

ቅዳሜ ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ቤቱ ከወፍጮ መንገድ መጨረሻ ላይ ነው፤ የጎን ግድግዳው ወደ ፖም አትክልቱ ስለሚያይ ከመንገድ አይታይም። ወይዘሮ ኔል ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ለግብዣ ያደረጉትን ሰማያዊ ባርኔጣ ገና አላወለቁም።

«ምሳ ልበላ ብወጣ ግድግዳዬን ይዘውት ሄዱ!» አሉ። «እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል?»

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ለኔል ቀልድ አልነበረም። ቤቱ የኪራይ ነው። ባለቤቱ ጄራልድ ተርኬትል አፍርሶ ስድስት አፓርታማ ሊያቆምበት ለማዘጋጃ ቤት አመልክቷል። ይህን ሊያስቆም የሚችለው ያ ልስን ብቻ ነበር፤ በኖራ ጎልቶ የወጣ፣ ባልዲ የያዘ የለሳኝ ምስል፣ ከእግሩ ስር የሠሪው የዋልተር ፓርጀተር ስም የመጀመሪያ ፊደላትና 1648 የሚል ዓመት። የቅርስ ባለሙያዋ ሐሙስ መጥታ እውነተኛ ነው ካለች ቤቱ ይመዘገባል፤ ማንም አይነካውም። ካላለች አርብ ዕለት ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃዱን ይፈርማል፤ ኔልም ሃምሳ ዓመት ከኖሩበት ቤት ሻንጣቸውን ይዘው ይወጣሉ።

«እንግዲህ ባለሙያዋም ትቅር በሏት» አሉ ኔል። «መጥታ ምን ልታይ? ቀዳዳ?»

ሄስተር ወደ ጓሮ ዞረች። ግድግዳው ላይ ሁለት ሚስማር ተመቶ ትልቅ ጆንያ ተንጠልጥሏል። ገለጥ አድርጋ አየች፤ በር የሚያህል ቁስል ነው። ጠርዙ ዙሪያውን በመሮ ተስተካክሎ፣ ወደ ውስጥ ገባ ተደርጎ ተቆርጧል። መሃሉ ፈንጣጣ እንደወጋው ፊት ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኗል። ሣሩ ላይ የጋሪ ጎማ መስመር አለ፤ አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ይጠፋል።

«ጆንያውን የመዶሻ ድምፅ ለማፈን ነው ያመጣው» አለ ፊስክ አፉን ሞልቶ።

ሄስተር ጆንያውን ጨበጠችው። ውሃ ጠብ አለ። «ዝናብ ከጣለ ስንት ቀን ሆነው?»

«አሥር ቀን።»

«ታዲያ ይሄ ምን አራሰው?»

ፊስክ ጆንያውን ራሱ ጨምቆ አየው። ሄስተር ማስታወሻዋ ላይ «እርጥብ ጆንያ» ብላ ጻፈችና ከስሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

*

ሌባው ጊዜውን ሳያውቅ አልመጣም። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ መንደሩ ባዶ ነበር፤ ግማሹ ክሪኬት ሜዳ ላይ፣ ግማሹ የፓርጀተሮች ማኅበር ዓመታዊ ምሳ ላይ። ፓርጀተር የሚባል ስም ያለው ሰው ከየአገሩ በዓመት አንድ ቀን ሀክስተን ይሰበሰባል። ከስማቸው በቀር ምንም የማያገናኛቸው ሰዎች ተቃቅፈው ፎቶ ይነሳሉ። በዚያን ቀን የክብር እንግዳዋ የሟቹ ሲረል ፓርጀተር ባለቤት፣ ኔል ነበሩ።

ሄስተር መጀመሪያ የሄደችው ተርኬትል ዘንድ ነው። ማንም ቢሆን እዚያ ነው የሚሄደው።

«እኔ?» አለ ተርኬትል፣ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ። «ከአምስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክሪኬት ሳጫውት ነው የዋልኩት። ዳኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ሰው ሲሰድበኝ ውሏል፤ ጠይቂያቸው!»

«ልስኑ በመጥፋቱ ግን አላዘኑም።»

«ማዘን? ዛሬ ማታ አንድ ብርጭቆ እጠጣለሁ። የሰረቀው ሰው ከተገኘ ደግሞ እከሰዋለሁ። ግድግዳው የኔ ነው!»

ሃያ ሁለቱም ተጠየቁ። ሃያ ሁለቱም ተርኬትልን አይወዱትም፤ ግን ሜዳው መሃል እንደ ግንድ ቆሞ መዋሉን መሰከሩለት።

ሁለተኛው ቼስተር ፓርጀተር ነበር፤ ከኦሃዮ የመጣ የጥርስ ሐኪም። ፖሊስ የጠራው እሱ ነው፤ ኔልን ወደ ቤት ሲያደርስ ቀዳዳውን አብሯቸው አይቷል። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ግን ለፊስክ በሹክሹክታ «ሰውዬው ሻንጣ ውስጥ የግድግዳ ቁራጭ አለ» አለችው።

«ለኔ ሽጡልኝ ብዬ ኔልን ለምኛለሁ፤ አልክድም» አለ ቼስተር ፊቱ ቀልቶ። «ቁራጯን ግን ያነሳኋት ከሣሩ ላይ ነው፤ ልስኑ ከጠፋ በኋላ። አያቶቼ የነኩት ነገር ነው። ተዉልኝ።»

«ከስድስት እስከ ዘጠኝ የት ነበርክ?»

«ንግግር ሳደርግ።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ?»

«ሃምሳ ደቂቃ ነው» አለ ቼስተር ቅር ብሎት። ፊስክ በኋላ ሲያጣራ ተጋባዦቹ ሁሉ ሦስት ሰዓት ይሆናል አሉት። ከሥጋው ጀምሮ እስከ ጣፋጩ ድረስ ሰውዬው አልተቀመጠም።

ሄስተር ቁራጯን ወደ መስኮቱ ያዘቻት። ከተሰበረው ጎን ቀጫጭን ክር ብቅ ብቅ ብሏል። «ይሄ ምንድነው?»

«የላም ፀጉር!» አለ ቼስተር ዓይኑ በርቶ። «የ1648 ላም። ልስኑ እንዳይሰነጠቅ ይቀላቅሉበታል። ሙሪየልን ጠይቂያት፤ ሁሉን ታውቃለች።»

*

ሚስ ሙሪየል ፓርጀተር የማኅበሩ ጸሐፊ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ምግብ ተበልቶበት አያውቅም፤ በካርድ ሳጥን ተሞልቷል። የተወለደ፣ ያገባ፣ የሞተ ፓርጀተር ሁሉ እዚያ አለ።

«አንድ ስም ብቻ ነው የምታጠኑት?» አለች ሄስተር።

«አንዱስ መቼ አለቀ! ተቀመጪ እስቲ።» ብስኩት አቀረቡላት። «ድሮ ገበሬው የቤተሰብ ስም አልነበረውም። ግብር ሰብሳቢው መንደር ሲገባ ስድስት ዋልተር ያገኛል። ማንን ከማን ይለይ? ዋልተር ባለወፍጮው፣ ዋልተር እረኛው እያለ ይጽፋል። አንዱን ደግሞ ዋልተር ፓርጀተር አለው፤ ለሳኙ ማለቱ ነው። የግድግዳችን ዋልተር ስሙን የወረሰው ከዚያ ነው። ቃሉን ፈረንሳዮች ናቸው ያመጡት፤ ትርጉሙ መወርወር ነው። ኖራውን በማንካ አንስተሽ ግድግዳው ላይ ትወረውሪያለሽ።»

«ለሳኝ በየመንደሩ አለ፤ ፓርጀተር የሚባል ሰው ታዲያ ለምን አነሰ?»

ሙሪየል ደስ አላቸው። ይህን ጥያቄ የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ ነው የኖሩት። «ጎበዝ! ሌላው አገር ለሳኙን በሌላ ስም ነው የሚጠራው። ፓርጀተር ግድግዳ ላይ ወይን፣ ወፍ፣ ሰው የሚያወጣ ነው። ድሮም ጥቂት ነበሩ። ከዚያ ወረርሽኝ መጣ። ከወረርሽኙ የተረፈው ሴት ልጅ ብቻ ወለደ፤ ሴቷ አገባችና ስሙ ቀረ። አሁን በጣት የምንቆጠር ነን። ሥራውማ ከስሙ ቀድሞ ሄደ። ጥርስ ሐኪም አለን፣ ፖስተኛ አለን፣ አንድ ዕድሜ ልኩን ሶፋ የሸጠ አለን። ማንካ የጨበጠ የቀረን አንድ ሰው ነው፤ የኔል የባሏ ወንድም፣ አምብሮዝ።»

ግድግዳው ላይ የማኅበሩ ከረባት በክብር ተሰቅሏል፤ ባልዲ የያዘው ለሳኝ በቢጫ ክር ተጠልፎበታል። ሄስተር የቼስተርን ቁራጭ ከኪሷ አወጣችና አንድ ክር ነቀለች።

«ሚስ ሙሪየል፣ ክብሪት ይኖርዎታል?»

ክሩን ለኮሰችው። ፀጉር ሲቃጠል ያለውን ሽታ የማያውቅ የለም። ይህ ግን አልከረፋም፤ እንደ ወረቀት፣ እንደ ገመድ ነው የሸተተው።

«ይሄ ፀጉር አይደለም» አለች። «ቃጫ ነው። የጆንያ ቃጫ።»

የሙሪየል ፊት አመድ መሰለ። «ሊሆን አይችልም! ያን ጊዜ ጆንያ በቃጫ አይሠራም። ቃጫው ከህንድ መምጣት የጀመረው ከስንት ዘመን በኋላ ነው... ታዲያ ልስኑ...» አልጨረሱትም። ከረባቱን አንዴ አዩት፤ ከዚያ ወዲያ አላዩትም።

ሄስተር መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን ሳታዞር ቁጭ አለች። እስካሁን ልስኑን ማን ፈለገው ብላ ነበር የምትጠይቀው። ልስኑ አዲስ ከሆነ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ባለሙያዋ እንዳታየው የፈራ ማነው?

አንደኛዋ እዚያው ብስኩት ያቀረቡላት ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን የገፉበት ስም፣ ካርዱ፣ ከረባቱ ሁሉ በዚያ ግድግዳ ላይ የቆመ ነው። ግን ባለሙያዋን በደብዳቤ የጠሩትም እሳቸው ናቸው። የሚፈራ ሰው አይጠራም። ደግሞ ኩሽና ውስጥ ለሰማንያ ሰው ጣፋጭ ሲያድሉ ዋሉ፤ ሰማንያ ምስክር አላቸው።

መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ጮኸች። «ሚስ ሙሪየል! ምሳው ላይ የቀረ ሰው ነበር?»

«የቀረ የለም» አሉ ሙሪየል ከበራፋቸው፤ ድምፃቸው ሞቷል። «አምብሮዝ ብቻ ለጣፋጩ ደረሰ። የቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ላይ ሥራ ይዞኝ ነው አለ።»

*

ሰኞ ጠዋት ሄስተር ቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ሄደች። አምብሮዝ ፓርጀተር ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቅንድባቸው ሳይቀር ኖራ የነካው። መሰላል ላይ ሆነው አንድ ቀዳዳ እያጸዱ ነበር። ጠርዙን በመሮ ወደ ውስጥ ገባ አድርገው ቆረጡ፣ አቧራውን በብሩሽ አራገፉ፣ ጆንያ ባልዲ ውስጥ ነክረው በሁለት ሚስማር ቀዳዳው ላይ አንጠለጠሉ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ እጃቸውን እንኳ አያዩም፤ ስለ አየሩ ነበር የሚያወሩት።

ሄስተር ወደ መሰላሉ ተጠጋች።

«ጆንያው ምን ያደርጋል፣ ሚስተር አምብሮዝ?»

«ጠርዙ እንዳይደርቅ ነው፣ ልጄ። አሮጌ ኖራ ውሃ ካልጠጣ አዲሱን አይቀበልም። የተቆረጠ ግድግዳ ክፍቱን ጥሎ የሚሄድ ለሳኝ አይባልም፤ አጥፊ ነው።»

«ሌባ ቢሆንስ?»

አምብሮዝ መሰላሉ ላይ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱ፤ መሮውን አስቀመጡ፤ ባልዲውን ገልብጠው ተቀመጡበት።

«እኔ የማልረባ!» አሉ። «ጆንያ ልስቀል? ለመስረቅ ሄጄ ጆንያ ልስቀል?»

«ለምን ሰረቁት?»

«የኔ ነዋ! እኔ ነኝ የሠራሁት።» እጃቸውን አዩት። «የዓለም ጦርነቱ ባለቀ በዓመቱ ነው። ቦምብ መስኩ ላይ ወድቆ አሮጌው ልስን ተሰነጣጥቆ ነበር። ዝናቡ ወደ ሲረልና ኔል አልጋ ይገባል። ምስሉን በወረቀት ቀዳሁት፤ ፊደሉን፣ ዓመቱን ሁሉ፤ እንደነበረው አድርጌ ሠራሁት። ፀጉር በየት በኩል ይገኛል ያን ጊዜ? ሲረል የአሸዋ ጆንያ ቃጫ ተርትሮ ሰጠኝ።»

«ለሰው አልነገሩም?»

«መጀመሪያ ማንም አልጠየቀኝ። ከዚያ ሙሪየል ማኅበር አቋቋመች። ከዚያ ከረባት ላይ ጠለፉት!» አምብሮዝ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ከረባቱን ካየሁ በኋላ በየትኛው አፌ ልናገር? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። አሁን ባለሙያ ትመጣለች ሲሉኝ... ቃጫውን እንዳየች ቤቱ ምንም ነው፣ አፍርሱት ትላለች። ልስኑ ከሌለ ግን ፎቶው አለ፣ የሙሪየል ወረቀት አለ፤ ምናልባት ያምናሉ ብዬ ነው። ለኔል ብዬ ነው።»

ሄስተር ግን ፖሊስ ናትና መጠየቋን ቀጠለች። «አሮጌውንስ የት ጣሉት?»

«መጣል?» አሉ አምብሮዝ ቀና ብለው፤ ተቆጡ። «ለሳኝ የቆመ ሥራ ነቅሎ አይጥልም! በላዩ ላይ ነው የለሰንኩት። አዲሱ እንዲይዝ በመጥረቢያ ወቀርኩት እንጂ አልነቀልኩትም።» ድምፃቸው ወረደ። «የዋልተርን ሥራ በመጥረቢያ ወቀርኩት። ወጣት ነበርኩ፤ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ይህን ለማን ልንገር? ምንም የቀረው ነገር የለም፤ ጉድጓድ ብቻ ነው።»

ሄስተር ብድግ አለች። ያ ፈንጣጣ የመሰለው ነገር ባዶ ግድግዳ አልነበረም፤ የዋልተር ልስን ራሱ ነበር። ባለሙያዋ ሐሙስን እንዳትጠብቅ በዚያው ሰዓት ደወለችላት።

*

ዶክተር ሎቭደይ ማክሰኞ ደረሰች፤ አጭር፣ ችኩል፣ ትልቅ ባትሪ በእጇ የያዘች ሴት። ፓርጀተሮቹ ገና አልተበተኑም ነበርና ቼስተርና ሙሪየል አጥሩ ጋ ቆመዋል። ተርኬትልም መጣ። ኔል ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። አምብሮዝ ራቅ ብለው፣ ፊስክ አጠገባቸው።

ሎቭደይ ጥላ እንዲሆንላት በጥቁር ጨርቅ ተሸፈነችና ባትሪውን ከግድግዳው ጎን አስደግፋ አበራችው። ብርሃኑ በጎን ሲያልፍ ከጉድጓዶቹ መሃል አንድ ትከሻ ወጣ። ከዚያ ባልዲ። ከዚያ ማንካ የጨበጠ ጣት።

«ፊደሉ አለ» አለች ሎቭደይ ከጨርቁ ስር። «ዓመቱም አለ። ኖራ ቀለሙ ብቻ አሥራ አንድ ድርብ ነው።» አንድ ክር በመቆንጠጫ ነቅላ ለኮሰች። የተቃጠለ ፀጉር ሽታ አጥሩ ድረስ ደረሰ። ሙሪየል ማልቀስ ጀመሩ። «እውነተኛ ነው። ዛሬውኑ እደውላለሁ፤ ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካው። አንድ አረመኔ በመጥረቢያ ባይከታትፈው ኖሮ ደግሞ...»

«አረመኔው እኔ ነኝ» አሉ አምብሮዝ።

ሁሉም ዞረ። አምብሮዝ ቆባቸውን አውልቀው የሠሩትን ሁሉ ተናገሩ፤ መጥረቢያውን፣ ቃጫውን፣ ከረባቱን፣ የቅዳሜውን ጋሪ። ቼስተር ሳያውቀው ከረባቱን በእጁ ሸፈነ።

«እከሰዋለሁ!» አለ ተርኬትል። «በኢንስፔክተሯ ፊት አምኗል!»

«መብትዎ ነው» አለች ሄስተር። «ግን ልብ ይበሉ። ግድግዳው ከእንግዲህ ቅርስ ነው፤ ማስጠገኑም የእርስዎ ግዴታ። በዚህ አውራጃ እንዲህ ያለ ልስን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው። እስር ቤት ይግባልዎ ወይስ መሰላል ላይ ይውጣ? ቆርጠው ይንገሩኝ።»

ተርኬትል መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

አምብሮዝ ወደ ኔል ቀረቡ። ዓይናቸውን ማየት አልቻሉም። «ኔል፣ አርባ ሁለት ዓመት ዋሽቼሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ኔል ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «ያን ቃጫ ማን የተረተረው ይመስልሃል?»

«ሲረል ነዋ።»

«ሲረል! ሲረል የጫማውን ክር መፍታት የሚያቅተው ሰው! እኔ ነኝ የተረተርኩት። ሁለት ቀን ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ። ጣቴ ደምቶ ነበር።»

አምብሮዝ ደነገጡ። «ታውቂ ነበር?»

«ከመጀመሪያው።»

«ባለሙያዋ እንደምትመጣ እያወቅሽ? ቤትሽ ሊፈርስ?»

«መጀመሪያም አልጠራኋትም፤ ሙሪየል ናት የጠራቻት» አሉ ኔል። «ቤት ሌላ ይገኛል። ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ክፍል ይሰጠኛል፣ እገባለሁ። አንተ ግን በዚህ መንገድ ስታልፍ፣ ሰው ቆሞ ያን ግድግዳ ሲያይ፣ ቀና ብለህ ነው የምትሄደው። አርባ ሁለት ዓመት አይቼሃለሁ። አፌን ከፍቼ ላዋርድህ ነበር?»

ሄስተር ማስታወሻዋን ዘጋች። ፊስክ ወደ ፖም ዛፎቹ ዞረ።

አምብሮዝ ደረጃው ላይ፣ ከኔል እግር አጠገብ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። ኔል ጠበቁ። ሲበቃቸው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸውና ከወንበራቸው ተነሡ።

«በል ተነሥ» አሉ በሩን ገፋ አድርገው። «ግባና እጅህን ታጠብ። ምሳ አልበላህም።»